ለፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ጎማና ቸርኬ እንዴት ይመረጣል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ የ2021 ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ (የሞዴል 3 ፈጣኑ ዓይነት) ገዝቼ ሦስት ዓመት ነዳሁት። መኪናው ከፋብሪካ የሚወጣው በ20 ኢንች ቸርኬ ነው። በጣም ያምራል። በመጀመሪያው ዊንተር ግን ሁለቱ ቸርኬዎች የአስፋልት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተጣመሙብኝ። ከዚያ ወደ 18 ኢንች ለመቀየር ወሰንኩ። ስቀይር ከባድ ስህተት ሠራሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

1. ጎማውን አስቀድሙ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ቸርኬ ያማርጣል፣ ጎማው በኋላ ይታሰብበታል። መንገዱን የሚይዘው ግን ጎማው ነው። የኔ መኪና ባዶውን 1,840 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጉልበቱ ፔዳሉን ገና ስትነኩት ይመጣል። እግራችሁን ስታነሱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ጎማው ስትሄዱም ስትቀንሱም ሥራ አያጣም። ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

የበጋ ጎማ በሙቀት ጊዜ አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛል። ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ግን ይደርቃል፣ መኪናው መንሸራተት ይጀምራል። በረዶ ባለበት አገር ዓመቱን ሙሉ በእሱ መንዳት አደጋ ነው። ማስቀመጫ ቦታ ያለው ሰው የበጋም የበረዶም ጎማ አራት አራት ይያዝ። እኔ አፓርታማ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ጥሩ ኦል ሲዝን፣ ማለትም ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ ገዛሁ። መሪው ትንሽ ደንዘዝ ይላል። ግን ልጆቼን ይዤ ጠዋት ስወጣ አልሰጋም።

2. ልኩን አንብቡ

የፋብሪካው ጎማ 235/35 R20 ይላል። 235 ወርዱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 35 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የወርዱ 35 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 82 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኔ የመረጥኩት 235/45 R18 ጎኑ 106 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሁለቱ ጠቅላላ ከፍታ ግን እኩል ሊባል ይችላል፤ 672 እና 669። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም፤ በቸርኬውና በጉድጓዱ መካከል ግን 24 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ጎማና ነፋስ አለ። ልዩነቱን ወገባችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው። 92 ማለት 630 ኪሎ፣ 98 ማለት 750 ኪሎ። በሹፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ቁጥር በታች አትግዙ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ።

የምትሄዱት ርቀትም ይለያያል። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ሞዴል 3 ሎንግ ሬንጅ በአንድ ሙሌት 353 ማይል፣ ፐርፎርማንሱ 315 ማይል ተሰጥቷቸው ነበር። ለልዩነቱ ትልቁ ቸርኬና ጎማው ድርሻ አላቸው። አዲስ አበባ ያላችሁም፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ብዙዎቻችሁ ወደ ኤሌክትሪክ ገብታችኋል፤ ለዚያ መንገድ ምርጫ ካላችሁ ትንሹን ቸርኬ ያዙ።

3. ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) ላይ በትክክል መቀመጡን አረጋግጡ

ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ከተራ ሞዴል 3 የወለቁ አራት ባለ 18 ቸርኬዎች በርካሽ አገኘሁ። ብሎኑ አምስት፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 114.3፣ የመሃሉ ቀዳዳ 64.1 ሚሊ ሜትር፤ ሁሉም ከኔ መኪና ጋር አንድ ነው። ሰፈር ያለ ጎማ ቤት ገጠሙልኝ። "ልክ ነው" ተባልኩ።

ሀይዌይ ላይ 65 ማይል ስደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የባላንስ ችግር መስሎኝ ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደረግሁ። ለአላይመንትም ከፈልኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ራሴ አንዱን ጎማ ልፈታ ስል ሁለት ዳዶ በቀላሉ ተፈታልኝ። ላልቶ ነበር። ከኋላ ወንበር ልጆች ጭኜ ነበር ስነዳ የሰነበትኩት።

ምክንያቱ ይኸው። እስከ 2023 በተሠራው ፐርፎርማንስ የፍሬኑ ዲስክ መሃል ዙሪያውን ትንሽ ከንፈር አለው። የፐርፎርማንሱ ቸርኬ ከጀርባው ለዚያ ከንፈር ቦታ ተሠርቶለታል። የተራው ሞዴል ቸርኬ ግን ያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሜዳው (ቸርኬው የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ፊት) ላይ አይቀመጥም። ዳዶውን ብታጠብቁትም በባዶ ቦታ ላይ ነው የምታጠብቁት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጠመኔ ውሰዱና ከንፈሩንም ሜዳውንም ቀቡ። ቸርኬውን ግጠሙ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ቁልፍ በመስቀለኛ አጥብቁ፣ ከዚያ ፍቱት። የቸርኬው ጀርባ ሜዳ በሙሉ ጠመኔ ከነካው ደህና ነው። ቀጭን ቀለበት ብቻ ከታተመ ያ ቸርኬ ለእናንተ መኪና አይሆንም። አንዳንዱ ስስ ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባ ቀለበት) ያስገባል። እኔ አልወደውም፤ ብሎኑ ዳዶው ውስጥ የሚገባው ያንሳል። ለፐርፎርማንስ ተብሎ የተሠራ ቸርኬ ግዙ። ጠመኔውን በደንብ መጥረግ አትርሱ።

4. ማንሳትና ማጥበቅ

ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው። ክሪክ የሚገባው በአራቱ የተመደቡ ቦታዎች ብቻ ነው። ጎሚስታው መኪናውን ከማንሳቱ በፊት ንገሩት፣ አጠገቡም ቁሙ። በነፋስ ሽጉጥ እስከ መጨረሻው አያጥብቅ። መጨረሻው በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 175 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላም ድገሙት። ከሁሉም መሣሪያዬ የምወደው ይህን ቁልፍ ነው።

5. የቀረው

ስክሪኑ ላይ የቸርኬውን ልክ ቀይሩ፣ አለዚያ የቀረው ርቀት ግምት ይዛባል። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ የኔ 42 ፒኤስአይ ነው። መኪናው ስኮርታ የለውም፣ ስለዚህ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ወስፌ ያለው የቀዳዳ መድፈኛ ያዙ። በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊትና የኋላውን አለዋውጡ። የ2024ቱ ፐርፎርማንስ ግን ከፊት 235፣ ከኋላ 275 ስለሆነ የፊቱ ወደ ኋላ አይሄድም።