አላስካን በክሩዝ፦ ኪስ ሳይጎዳ ጥሩውን ጉዞ አመራረጥ

ብዙ ሰው የአላስካ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ሲፈልግ መጀመሪያ እሚያደርገው ዋጋውን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፎ ከላይ የመጣውን መክፈት ነው፣ ነገሩ እሚበላሸውም እዛው ጋ ነው። አላስካ ላይ ርካሽ ትኬትና ርካሽ ጉዞ አንድ አይደሉም። ዋጋው ዝቅ ያለው መርከብ አንዳንዴ ከተማ ላይ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ቆሞ ይነሳል፣ ወይ ደግሞ የበረዶ ግግር ወዳለበት ቦታ ጭራሽ አይጠጋም፣ እና ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ዋናውን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ስለዚ እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ እምለው ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው። መጀመሪያ መርከቡ እሚሄድበትን መስመር ምረጡ፣ ከዛ ወሩን፣ ከዛ ጠቅላላ ወጪውን አስሉ፣ ክፍሉን መጨረሻ ላይ። ገንዘብ እሚቆጠበው ክፍል ላይ እንጂ መስመር ላይ አይደለም።

እሺ መስመሩ። ባብዛኛው 7 ሌሊት ነው፣ ሁለት አይነት አለ። አንዱ ደርሶ መልስ ነው፣ ከአሜሪካዋ ሲያትል ወይ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነስቶ እዛው ይመልሳችኋል። ሁለተኛው ባንድ አቅጣጫ ብቻ እሚሄደው ነው፣ ከቫንኩቨር ተነስቶ አላስካ ውስጥ ሲዋርድ ወይ ዊቲየር ላይ ያወርዳችኋል፣ ወይም ከዛ ወደ ቫንኩቨር ይመጣል። የአንድ አቅጣጫው የመርከብ ዋጋ አንዳንዴ በጣም ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ከሲዋርድ እስከ አንኮሬጅ ወደ 200 ኪሎሜትር ነው፣ ባስ ወይ ባቡር ትከፍላላችሁ፣ ከአንኮሬጅ ደግሞ ሌላ የአንድ መንገድ በረራ አለ፣ በሄዳችሁበት ከተማ ስለማትመለሱ የአውሮፕላኑ ሂሳብ ይጨምራል። ወደ ውስጥ ገብቶ ዴናሊ እሚባለውን ትልቅ ተራራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን የአንድ አቅጣጫው ነው እሚሻለው፣ መንገዱ ተቀንሶለታል። መርከቡን ብቻ ለሚፈልግና ወጪ ለሚቆጥር ሰው ደርሶ መልሱ ያዋጣል።

በደርሶ መልሶቹ መሀልም ልዩነት አለ። ከቫንኩቨር እሚነሱት በቫንኩቨር ደሴትና በዋናው መሬት መሀል ባለው ጠባብ ባህር ነው እሚያልፉት፣ በሁለቱም ወገን ተራራና ጫካ ነው፣ ማዕበል እምብዛም የለም። ከሲያትል እሚነሱት ትላልቅ መርከቦች ግን ብዙዎቹ ከደሴቲቱ ውጭ በክፍቱ ፓሲፊክ ነው እሚወጡት፣ ሊወዛወዝ ይችላል፣ መሬትም ላይታይ ይችላል። ባህር ላይ እሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ወይ ቀኑን ሙሉ መልክዓ ምድር ማየት ከፈለጋችሁ የቫንኩቨሩ ትንሽ ቢጨምርም ዋጋ አለው።

ሌላው ከሲያትል በሚነሳ መርከብ ፕሮግራም ላይ እምታዩት ቪክቶሪያ እምትባለዋን የካናዳ ከተማ ነው። ይሄ ዝም ብሎ አይደለም፣ በ 1886 እ.ኤ.አ የወጣ የአሜሪካ ህግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደብ ጭኖ የውጭ ወደብ ሳይነካ እዛው አሜሪካ እንዲያወርድ አይፈቅድም፣ ትላልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ባብዛኛው የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ቤርሙዳ፣ ፓናማ ምናምን ነው። ስለዚ አንድ የካናዳ ወደብ መንካት ግድ ነው፣ እና ብዙ ጊዜ መርከቡ ማታ ደርሶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሳል። ማስታወቂያው 4 ወደብ ካላችሁና አንዷ ይቺ ከሆነች፣ አላስካ ውስጥ ያለው 3 ነው ብላችሁ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ በረዶ ግግሩ። ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከ 2 ትላልቅ ክሩዝ መርከብ በላይ አያስገባም፣ ስለዚ ፈቃዱ ያለው ጥቂት ድርጅት ነው፣ ብዙውን የያዙት ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ ናቸው። እዛ ማንም ከመርከብ አይወርድም፣ መርከቡ ግን ቀኑን አብዛኛውን እዛው ያሳልፋል፣ የፓርኩ ጠባቂዎችም (ሬንጀሮች) በጀልባ መጥተው ይወጡና እምታዩትን ያስረዷችኋል። በ 1794 የእንግሊዛዊው አሳሽ የካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች ሲያልፉ ባህረ ሰላጤው አፉ ድረስ በረዶ ነበር፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙይር በ 1879 ሲደርስ ግን በረዶው ብዙ አስር ኪሎሜትር ወደ ውስጥ ሸሽቶ ነበር፣ ዛሬ መርከቡ እሚሄድበት ውሃ ትናንት በረዶ የነበረ ነው ማለት ነው። ማርጀሪ እሚባለው ግግር ፊት ሲደርስ መርከቡ ቆሞ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ስለዚ በግራ ነኝ በቀኝ ነኝ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሁሉም ሰው ያያል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የበረዶው ቁራጭ ተገንጥሎ ሲወርድ ነው እሚታየው፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው እሚደርሰው፣ ልክ እንደ መብረቅና ነጎድጓድ። ድምፁን ሰምቶ ስልክ እሚያወጣ ሰው ውሃው ሲረጋጋ ነው እሚደርሰው። ዓይናችሁን ከበረዶው ፊት አትንቀሉ።

ግሌሸር ቤይ ካልተገኘ ሀባርድ አለ፣ ፊቱ ብቻ ወደ 10 ኪሎሜትር ስፋት አለው፣ አብዛኛው ግግር ወደ ኋላ ሲሸሽ እሱ ወደ ፊት እየገፋ ያለ ነው። ብዙ ተንሳፋፊ በረዶ ካለ ግን መርከቡ ርቆ ሊቆም ይችላል። ኤንዲኮት አርም ደግሞ ገደሉ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ጠባብ የባህር ሸለቆ ነው፣ ራሱ መንገዱ ያስደስታል፣ መጨረሻው ላይ ዶውስ እሚባል ግግር አለ፣ ግን ትልቅ መርከብ ሁሌ እስከ መጨረሻው አይገባም። ፕሮግራሙ ላይ የቦታው ስም ሳይጠቀስ መልክዓ ምድር እናያለን ብቻ ከተባለ፣ የት ነው፣ ስንት ሰዓት እንቆያለን ብላችሁ ጠይቁ። ይቺን መልስ ሳታገኙ እንዳትከፍሉ።

ሰዓቱንም አንብቡ። ሁለት መርከብ ሁለቱም ኬቺካን፣ ጁኖ፣ ስካግዌይ ወደሚባሉት የአላስካ ከተሞች ይሄዳሉ ተብሎ አንዱ ጁኖ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ደርሶ ማታ ይነሳል። መርከቡ እሚቆምበት ቦታም ይለያያል፤ ኬቺካን ላይ አንዳንዶቹ መሀል ከተማ ሳይሆን ዋርድ ኮቭ ነው እሚቆሙት፣ ከከተማው 11 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ ባስ አለ ግን ከሰዓታችሁ ይቀንሳል። ጁኖ ከ 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ በቀን ከ 5 ትላልቅ መርከብ በላይ አትቀበልም፣ 5ቱም የመጡ ቀን ግን ከተማዋ ትጨናነቃለች፣ የወደቦቹ የመርከብ ካሌንደር ኦንላይን ስላለ ቀናችሁን ከመምረጣችሁ በፊት እዩት።

ወሩን በተመለከተ፣ ወቅቱ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ውዱ ሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ። ርካሾቹ ግንቦትና መስከረም ናቸው፣ ግን እኩል አይደሉም። ደቡብ ምስራቅ አላስካ የዝናብ ጫካ ነው፣ ኬቺካን በዓመት ከ 3 ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ እሚበረታበት ጊዜ ነው፣ ባህሩም ይረበሻል። ግንቦት ደረቅ ከሚባሉት ወሮች ነው፣ ተራሮቹ ገና በረዷቸውን አላራገፉም፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ከሃዋይ ተመልሰው መጥተዋል፣ ወሩ ሲጋመስ ጁኖ ላይ ብርሃኑ ወደ 17 ሰዓት ይደርሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የግንቦት ሁለተኛ አጋማሽን የሚያክል የለም። ድቦች ሳልመን እሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ ማየት ነው ህልሜ ያለ ሰው ግን ሐምሌና ነሐሴን መክፈል ይኖርበታል፣ ሳልመኑ ወንዝ ውስጥ እሚገባው ያኔ ነው።

ሂሳቡን እንስራው። 600 ዶላር ተብሎ የተጻፈ ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ከያዘ። ለምሳሌ ለሁለት ሰው 1,200 ሆነ እንበል። ታክስና የወደብ ክፍያ በሰው 250 ቢሆን 500 ይጨመራል። ቲፕ ብዙ መርከቦች ላይ በየቀኑ በሰው እሚቆረጥ ነው፣ 17 ዶላር ብንል ለ 7 ቀን ለሁለት ሰው 238። ይሄው 1,938 ደረሰ፣ ዋይፋይ፣ ለስላሳና አልኮል፣ የከተማ ጉብኝት፣ በረራና ሆቴል ገና አልገባም። ስለዚ ሁለት መርከብ ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ገፅ ሳይሆን ክፍያ ልትፈፅሙ ስትሉ እሚመጣውን ገፅ አወዳድሩ፣ ውሃና ሻይ ቡና፣ ዋናው ምግብ ቤት፣ ቡፌው በትኬቱ ውስጥ ነው፣ ከዛ ውጭ ያለውን ሁሉ የሚከፈል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ብቻችሁን እምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ባብዛኛው የሁለት ሰው ሂሳብ ነው እሚጠየቀው፣ ለአንድ ሰው የተሰራ ክፍል ያላቸውን መርከቦች ፈልጉ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ክፍል። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ውሰዱ፣ በተለይ ለመኝታ ብቻ ከሆነ። አላስካ ውስጥ ምርጡ እይታ የላይኛው ደክ (ክፍቱ የመርከቡ ወለል) ላይ ነው፣ ሁለቱንም ወገን ታያላችሁ፣ ባልኮኒ አንዱን ብቻ ነው እሚያሳየው፣ ልዩነቱ ደግሞ ለሁለት ሰው ብዙ መቶ ዶላር ሊሆን ይችላል። ብርድ ላይ ብዙ መቆም እማይችል ትልቅ ሰው ወይ ህፃን ልጅ አብሯችሁ ካለ ግን ባልኮኒው ቅንጦት አይደለም፣ እናት ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው ከክፍላቸው ሳይወጡ ያያሉ። ጋራንቲ እሚባል ምርጫም አለ፣ የክፍሉን አይነት ትመርጣላችሁ ቁጥሩን ድርጅቱ ይሰጣችኋል፣ ይረክሳል፣ ግን ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ይሄን ይተወው፣ እሱ ከመርከቡ መሀል ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ነው መያዝ ያለበት።

ከክፍሉ የተረፈውን አንድ ጥሩ ጉብኝት ላይ አውሉት። ጁኖ ላይ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ነባሪ ማየት፣ ወይ ስካግዌይ ላይ በ 1898 እና 1900 መሀል ለወርቅ ፈላጊዎች የተሰራውን የኋይት ፓስ ባቡር፣ ከባህር ጠለል ተነስቶ ወደ 870 ሜትር ነው እሚወጣው። አንዱ ይበቃል። ሌላውን በእግራችሁ፦ ስካግዌይ ላይ የወርቅ ጥድፊያው ብሔራዊ ፓርክ ነፃ ነው፣ ሲትካ እምትባለው ከተማ ላይ የቶተም ምሰሶዎች (የአገሬው ተወላጆች የቀረጿቸው የእንጨት ምሰሶዎች) በጫካ መሀል የቆሙበት መንገድ አለ፣ ኬቺካን ላይ ክሪክ ስትሪት እሚባለው ሰፈር ከመሀል ከተማው ወደብ የእግር መንገድ ነው። ሜንደንሆል ግግር ከመሀል ጁኖ 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የከተማው አውቶቡስ በር ላይ አያደርስም፣ 2 ኪሎሜትር ምናምን በእግር ይቀራል፣ ግን ከመርከቡ ጉብኝት ጋር ሲነፃፀር ዋጋው ምንም ነው። በራሳችሁ ስትወጡ ግን መርከቡ አይጠብቃችሁም፣ በራሱ ጉብኝት የወጣውን ብቻ ነው እሚጠብቀው፣ ስለዚ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተመለሱ።

ክሩዙ ራሱ ከበጀት በላይ ከሆነ አላስካ ከ 1963 እ.ኤ.አ ጀምሮ የመንግስት ፌሪ (ሰውና መኪና እሚያመላልስ መርከብ) አላት። ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ቤሊንግሃም ይነሳል፣ ኬቺካን ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ክፍል ሳይከራዩ ደክ ላይ በስሊፒንግ ባግ መተኛት ይቻላል፣ ድንኳን እሚተክሉም አሉ። ትርኢት የለም፣ ምግብ በገንዘብ ነው፣ እሚያልፍበት ባህር ግን ያው ነው። ፕሮግራሙ በየወቅቱ ስለሚቀያየር ቀድማችሁ እዩ።

ልብስ ላይ ብዙ አታውጡ። በጋው ላይ ቀን ከ 10 እስከ 18 ዲግሪ ነው ባብዛኛው፣ ደራርቦ መልበስና ውሃ እማያስገባ ጃኬት ይበቃል። ኮፍያና ጓንት ግን ያዙ፣ በረዶው አጠገብ ንፋሱ ሌላ ነው።

ቡክ ስታደርጉ ተመላሽ በሆነ ቅድሚያ ክፍያ ያዙት። ቀሪው እሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ብዙ ጊዜ ከጉዞው 3 ወር ገደማ በፊት ነው፣ እስከዛ በየሳምንቱ ዋጋውን እዩ፣ ከወረደ ደውላችሁ አስተካክሉልኝ በሉ፣ ብዙ ድርጅቶች ያስተካክላሉ። ወደ መነሻው ከተማም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ፣ በረራ ከዘገየ መርከቡ ሄዷል ማለት ነው።

ቪዛውን ደግሞ ከሁሉ በፊት ጀምሩ። ከሲያትል ብትነሱም ካናዳ ትነካላችሁ፣ ስለዚ እንደ ፓስፖርታችሁ የካናዳ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል፣ የአሜሪካው ቪዛ ደግሞ ደጋግሞ እሚያስገባ መሆን አለበት፣ አንዴ ብቻ እሚያስገባ ከሆነ ከካናዳ ስትመለሱ ችግር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ካርዱን ከነጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱ መያዝ አለበት። ከወደቡ በር ላይ ወረቀት ጎድሎት የተመለሰ ሰው ገንዘቡን አያገኝም፣ ስለዚ ቪዛው እጃችሁ ላይ ሳይገባ የማይመለስ ክፍያ እንዳትከፍሉ።