ለሥልጠና ከመመዝገብ በፊት፦ የግንባታ ሙያን ጅማ ላይ በእጅ ሞክሮ መምረጥ

ግንባታ ሲባል ብዙ ወጣት የሚታየው ባሬላ ተሸካሚና መሐንዲስ ብቻ ነው። በመካከል ግን ግንበኛ፣ አናጢ፣ ፌሮ ሠራተኛ (የአርማታ ብረት ቆርጦ የሚያጥፍና የሚያስር)፣ ለሳኝ፣ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ቀለም ቀቢ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በያጅ፣ ቀያሽ፣ ኦፕሬተር፣ የስቶር ሠራተኛም አሉ። አንዱን በስሙ ብቻ መርጦ የተመዘገበ ሰው ሥራውን እንደማይወደው የሚያውቀው ጊዜውና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስት ሙያ ለዩና እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት በረዳትነት ሞክሩ።

ወቅቱም ለውጥ ያመጣል። ጅማ ዝናብ አይለያትም፤ በክረምት ቁፋሮና መሠረት ይቀዘቅዛል። ፌሮና አርማታ ማየት የምትፈልጉ ከኅዳር እስከ የካቲት ውጡ። ልስን፣ ሴራሚክና የኤሌክትሪክ ሥራ ጣሪያ ከለበሰ ቤት ውስጥ ስለሆነ ክረምትም ይገኛል።

ሳይት ሥራ ሳይጀመር በጠዋት ድረሱና ፎርማኑን ወይም ካቦውን (የሠራተኞቹን አለቃ) አነጋግሩ። «ሥራ አለ?» ብቻ ካላችሁ አፈር ማውጣት ላይ ትመደባላችሁ፤ ቀኑም ምንም ሳያስተምር ያልፋል። «ከፌሮ ሠራተኛው ጋር ረዳት ልሁን» በሉ። የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ነው ወይስ በ15 ቀን የሚከፈለው፣ ከፋዩስ ማን እንደሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። የሠራችሁበትን ቀን በደብተር እየጻፋችሁ ካቦውን አስፈርሙ። ሳይት ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል፤ ቁጥርና የመሣሪያ ስም በሁለቱም ያዙ።

ፌሮ ለጀማሪ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ስህተቱ በሜትር ተለክቶ ወዲያው ይታወቃልና። 30 በ30 ሴንቲሜትር ለሆነ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ስታፋ፣ ማለትም ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ቁረጡ ብትባሉ፣ ከየጎኑ 2.5 ሴንቲሜትር ለአርማታው ሽፋን ይቀነሳል፤ ስታፋው 25 በ25 ይሆናል። አራቱ ጎን 100፣ ሁለቱ መንጠቆ ለየብቻ 10 ቢሆን 120 ሴንቲሜትር፤ ከአንድ ባለ 12 ሜትር ብረት 10 ስታፋ ይወጣል። ጀማሪ ሽፋኑን ረስቶ 30 በ30 ያጥፈዋል። ያኔ ብረቱ አርማታውን ከሚይዘው ጣውላ ጋር ይላተማል፤ ጣውላው ሲነሳ ብረቱ ገጹ ላይ ይታያል፣ እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ደግሞ ይዝጋል። ይህን ሂሳብ ቀኑን ሙሉ ሳይሰለች የሚደጋግም ሰው ለፌሮ የተፈጠረ ነው።

ግንበኝነት ዓይንና ትዕግስት ይጠይቃል። መጀመሪያ ማዕዘን ማውጣትን ልመዱ፦ ሁለቱ ክሮች ከሚገናኙበት ማዕዘን ተነስታችሁ በአንዱ ክር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ ቀጥ አላለም። ለአንድ ካሬ ግድግዳ 40 በ20 የሆነ ብሎኬት 12 ያህል ይገባል፤ ለስብራት አንድ ጨምሩ። የላይኛው ብሎኬት የታችኛውን መገጣጠሚያ ካልሸፈነ ስንጥቅ መንገድ ያገኛል። ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያሳየው ቱንቢና አግድሙን የሚለካው ውሃ ልክ በየረድፉ ይያዝ፤ አምስት ረድፍ ካለፈ በኋላ የተገኘን ዝንባሌ ልስን አይመልሰውም። አንድ ነገር ደግሞ ግንበኛውን ከመውቀስ ያድናችኋል፦ ኮቲቻ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ መሠረቱ እዚያ ላይ ካረፈ ጥሩ ግንብም ይሰነጠቃል።

አርማታ ሲቦካ ሳጥኑን ተመልከቱ። 50 በ40 በ18 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢት ጋር ይቀራረባል። 1 ለ2 ለ3 ከተባለ፣ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ዝናብ የመታው አሸዋ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ የሚጨመረው ውሃ ይቀነሳል። ለመግፋት እንዲቀል ውሃ የሚጨምር ሰው የአርማታውን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ይህን አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ሙያ የምትቀይሩ ሰዎች ከባዶ አትነሱም። የጅማ የእንጨት ባለሙያ በርና መስኮት ላይ ወዲያው ይገባል፤ የአርማታ ጣውላ ግን ከውበት ይልቅ ክብደት መሸከም ስለሆነ ልማዱን ይቀይራል። ጋራዥ የበየደ ወደ ብረት ጣሪያ፣ ሱቅ ላይ ሂሳብ የያዘ ወደ ስቶርና ሥራ መለካት ይሻገራል።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ከፍታና ቁፋሮ ላይ አትሰማሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወጣት ሠራተኛን ከአደገኛ ሥራ ይከለክላል፤ የቀን ሰዓቱንም ከ7 እንዳይበልጥ ይገድባል። ቀለምና ንድፍ መሥራት መጀመሪያ ሊሆናችሁ ይችላል። ለሁሉም ግን የጎማ ጓንትና ወፍራም ጫማ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሕመሙም የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ።

ሙያው ከተለየ በኋላ ጅማ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሄዳችሁ የትኛው ሙያ በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ኮሌጅ ሳይገቡ በሥራ የተማሩም የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና መውሰድ ይችላሉ፤ ያ የተፈረመ ደብተርም ልምዳችሁን ለማስረዳት ያግዛችኋል።