የተመረጠን ሹም በሕግ ለመጠየቅ፦ ለጅማ ነዋሪ

በሂርማታ ገበያ አካባቢ የሚነግዱ አንዲት እናት የንግድ ፈቃዳቸው ምክንያቱ ሳይገለጽ ታገደባቸው እንበል። ብዙዎቻችን ወዲያው የምንፈልገው የምናውቀውን ሹም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ውሳኔው የሕግ አውጪው፣ የአስፈጻሚው ወይስ የዳኛ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ አቤት የሚባልበት ደጅ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

እገዳውን የጻፈው የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከሆነ፣ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥና የተመሠረተበት ደንብ ወይም መመሪያ በቁጥሩ እንዲጠቀስ ይጠይቁ። በቃል የተነገረን ክልከላ ይዞ መከራከር እጅግ አስቸጋሪ ነው። አቤቱታው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቋንቋ ማጻፍ ከብዙ መመላለስ ያድናል። አንዱ ቅጂ መዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀኑ፣ የገቢ ቁጥሩና ማኅተሙ እንዲሰፍር ያድርጉ።

መልስ ከጠፋ፣ ግልባጩን ይዘው ወደ መረጡት የምክር ቤት አባል ይሂዱና ጉዳዩን በጉባኤ እንዲያነሡ ይጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ ተመራጭ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ያለመከሰስ መብትም (አንቀጽ 54) ከሕግ በላይ አያደርግም፤ ምክር ቤቱ ከፈቀደ አባሉ ይከሰሳል።

ጉዳዩ በፍርድ የሚወሰን ከሆነ አንቀጽ 37 ለማንኛውም ሰው የፍርድ ቤትን በር ይከፍታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ፍርዱ ቢከፋዎት ይግባኝ ይበሉ እንጂ ዳኛውን እንዲያዝልዎ ሹም ዘንድ አይሂዱ። በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም አይመራም፤ ዛሬ ለእርስዎ ብሎ ፍርድ ያስለወጠ ሹም ነገ የእርስዎን ፍርድ ለሌላ ሰው ያስለውጣል። በአንጻሩ ተፈርዶልዎት ጽሕፈት ቤቱ አልፈጽም ቢል፣ የፍርዱን ግልባጭ አያይዘው በፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ።