ቱፕልን በፓይተን እንዴት እንጠቀማለን?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሳይት፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር። ብሎኩና የቤት ቁጥሩ ቦታ ከተለዋወጡ ዕቃው የማያውቁት ሰው በር ላይ ይደርሳል። እንዲህ አብሮ የሚሄድና መነካካት የሌለበት መረጃ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ቱፕል ውስጥ ይቀመጥ፤ ቱፕል ማለት ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅና ከተፈጠረ በኋላ የማይቀየር የመረጃ ስብስብ ነው።

ኮምፒውተር የሌለው አንድሮይድ ስልኩ ላይ ፓይድሮይድ 3 የተባለውን የፓይተን መጻፊያ መተግበሪያ ይጫን። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ሰፈር እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ቱፕሉን እንፍጠር፦

ቤት = ("ቱሉ ዲምቱ", 45, 12)

ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ የቫሪያብል (የመረጃ መያዣ) ስም ይቀበላል። የእኛን ነጠላ ሰረዝ ግን አይቀበልም፤ ኮማዋን ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ አምጡ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቀጥሎ ነው። የዛሬ ማድረሻችን አያትና ገላን ናቸው እንበል፦

ሳይቶች = ("አያት", "ገላን")

ነገ ገላን ቀረና ("አያት") ብቻ ተጻፈ። ይህ ቱፕል አይደለም፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ቱፕል የሚያደርገው ኮማው እንጂ ቅንፉ አይደለምና። ክፋቱ ደግሞ ፓይተን ምንም ስህተት አያሳይም። በፎር ሉፕ (ያለውን አንድ በአንድ በሚያወጣው ትእዛዝ) ስትዞሩበት «አ»፣ «ያ»፣ «ት» እያለ ሦስት ሳይት ያወጣላችኋል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

ሳይቶች = ("አያት",)

ከተጠራጠራችሁ ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ በታይፕ ጠይቁት፦ type(ሳይቶች)። እኔ ብዙ ነገር ቢኖርም መጨረሻው ላይ ኮማ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን ባይ ነኝ፤ ፓይተን ይፈቅዳል፣ አንዱ ሲቀነስም ኮዱ አይበላሽም።

ለማውጣት ቤት[1] ብትሉ 45 ይመጣል፤ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። ግን ከወር በኋላ 1 ምን እንደነበር ማን ያስታውሳል? ይህ ይሻላል፦

ሳይት, ብሎክ, ቁጥር = ቤት

የስሞቹ ብዛት ከቱፕሉ ጋር እኩል ይሁን።

ቤት[2] = 21 ብሎ መቀየር አይቻልም፤ ታይፕ ኢረር (TypeError) የሚል የስህተት መልእክት ይመጣል። ደንበኛው ቤት ከቀየረ አዲስ ቱፕል ጻፉ። ይህ ጥብቅነቱ ነው ቱፕልን የዲክሽነሪ (እያንዳንዱን መረጃ በቁልፍ የምንፈልግበት መዝገብ) ቁልፍ መሆን ያስቻለው፦

ትእዛዝ = {}
ትእዛዝ[ቤት] = "ውሃ"

ሊስት (በ[ ] የሚጻፍ፣ ሊቀየር የሚችል ዝርዝር) እዚህ ቁልፍ መሆን አይችልም። ቱፕሉ ውስጥ ሊስት ካስገባችሁም አይሠራም፤ የውስጡ ሊስት ሊቀየር ይችላልና። ስለዚህ ሁለት ስልክ ያለው ደንበኛ ካለ ስልኮቹንም በቱፕል አስገቧቸው።