በተወንጫፊ ሮለር ኮስተር ላይ ሲሳፈሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ በአንድ የመዝናኛ ፓርክ ለሦስት በጋ ስሠራ ሥራዬ የተሳፋሪዎችን የጭን መያዣ ብረት እየሳብኩና እየገፋሁ መፈተሽ ነበር። ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የሚመጣው የአገሬ ሰው ጥቂት ስላልነበረ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ ደግሜ የተናገርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ተወንጫፊውን ባቡር በሰንሰለት እየተጎተተ ዳገት እንደሚወጣው እንደ ድሮው ዓይነት ከመቁጠር ነው። በሰንሰለት የሚጎተተው እየተንቋቋ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ መነጽር ይወልቃል፣ ኪስ ይፈተሻል፣ ጸሎትም ይደረሳል። ተወንጫፊው ግን ከቆመበት በቅጽበት ስለሚፈተለክ ይህን ፋታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የተከፈተው ተወንጫፊ ፎርሙላ ሮሳ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ለመብረር 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ መደረግ ያለበት ሁሉ ባቡሩ ገና ጣቢያው ውስጥ ቆሞ ሳለ መደረግ አለበት።

ያስመረረኝ ስህተት ስልክ ይዞ መሳፈር ነው። «ጠበቅ አድርጌ ይዤዋለሁ» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም። ባቡሩ ጉብታ ላይ ሲደርስ ሰውነት ከመቀመጫው ይነሣል፣ በእጅ የተያዘውም አብሮ ይነሣል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚከንፍ ባቡር ላይ ከእጅ ያመለጠ ስልክ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ፊት የሚያገኘው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ስጠይቀው በትሕትና አውጥቶ ለጓደኛው አስረከበና ሁለተኛውን ከጃኬቱ ውስጥ አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ አመለጠው። ሐዲዱ እስኪፈተሽ ባቡሩ ቆመ፣ በፀሐይ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ጠበቀ፤ ማምሻውን ስብርባሪውን ይዤ ስመጣ የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ ሲም ካርዱ ተርፎ እንደሆነ ነበር። ሎከር፣ ማለትም የሚቆለፈው የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሎከር ኪራይ ከስልክ ዋጋ አይበልጥም።

ነጠላና ሻርፕም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ከተፈታ መንኮራኩር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ አንዲት እናት ግን ከልጃቸው ጋር ሊሳፈሩ ተቀምጠው «ልጄ፣ ነጠላዬን ለማን ልስጥ?» ብለው ራሳቸው ቀድመው ጠየቁኝ። እንደ እሳቸው ያለ ተሳፋሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት በመወንጨፊያው ቅጽበት ጭንቅላትን ከመደገፊያው ማራቅ ነው። በኒው ጀርሲ የነበረው ተወንጫፊ ሮለር ኮስተር ኪንግዳ ካ በ3.5 ሰከንድ ወደ 206 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርስ ነበር፤ ይህ የፍጥነት ጭማሪ 5 ኪሎ የሚመዝነውን ጭንቅላት ከ8 ኪሎ በሚበልጥ ክብደት ወደ ኋላ እንደ መግፋት ነው። አጎንብሶ ወይም ዞሮ የተያዘ ሰው አንገቱን ያመዋል። ይህን በልበ ሙሉነት የምናገረው በዕረፍት ቀኔ ተሳፍሬ ለባልደረባዬ እጄን ላወዛውዝ ዞር ባልኩበት ሰከንድ ባቡሩ ስለተነሣና ሁለት ቀን አንገቴን ማዞር ስላቃተኝ ነው።

የልጅ ቁመት ጫማ ውስጥ ካልሲ በመጠቅጠቅ አይሞላም፤ ገደቡ የተቀመጠው ብረቱ የልጁን አካል በትክክል እንዲይዝ ነውና። በፍልሰታ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚመጡ ወጣቶችም ባዶ ሆድ እንደ ጥጋብ ሁሉ እንደሚያጥወለውል አይርሱ።

ባቡሩ ወደ ኋላ ሲመለስ «ተበላሸ!» ብሎ ከብረቱ ስር ለመውጣት መታገል አደገኛ ስህተት ነው። በዊሊያምስበርግ በቡሽ ጋርደንስ የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ፓንቲዮን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ፊት የሚወነጨፈው ሆን ተብሎ ነው። ኪንግዳ ካ ደግሞ 139 ሜትር የሚደርሰውን ግንብ ለመሻገር የነበረው ትርፍ ኃይል ጥቂት ስለነበረ፣ ነፋስ ወይም ቅዝቃዜ ሲበረታበት አንዳንዴ ጫፉን ሳያልፍ ይመለስ ነበር፤ የፍሬን ሰሌዳዎቹ ባቡሩ እንዳለፈ ከሐዲዱ መካከል ብቅ ይሉ ስለነበር ሲመለስ ይቀበሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 እስኪፈርስ ድረስ ይህ ሁኔታ በንድፉ የታሰበበት ነበር።

በመጨረሻ፣ «መብራት ቢጠፋስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው እገምታለሁ፤ ስህተቱ ግን ፍሬኑ እንደ አምፖል በኤሌክትሪክ ይሠራል ብሎ ማሰቡ ነው። የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ በቋሚ ማግኔቶች መካከል በፍጥነት ሲያልፍ ከውጭ ኃይል ሳይገባ በውስጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት ራሱ እንቅስቃሴውን ይቃወማል፤ ባቡሩ በፈጠነ መጠን ፍሬኑ ይበረታል፣ ሲዘገይ ይላላል፣ ለዚህም ነው ጣቢያው ደጃፍ ላይ ባቡሩን ጨርሶ የሚያቆመው ሌላ ፍሬን የሚሆነው።