ካፍካ ትዕዛዝ ሲደጋግምብኝ

ፒያሳ ካለው ሱቃችን የገባ አንድ ትዕዛዝ በካፍካ (በፕሮግራሞች መካከል መልእክት በሚያቀባብል ሶፍትዌር) በኩል አዘዞ መጋዘን ሦስቴ ይደርስ ነበር። አራት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የመብራት መጥፋት መስሎኝ ሰርቨሩን ዘግቼ አስነሣሁት። ወይ ፍንክች! ቀጥሎ ሴሽን ታይምአውትን (ካፍካ የ«አለሁ» ምልክት ሳያገኝ የሚታገሥበትን ጊዜ) ከፍ አደረግኩ። እሱም ከንቱ፤ «አለሁ» እያለ ምልክት የሚልከው ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ነው፣ ሥራው ቢንቀረፈፍም አያቋርጥም።

የገባኝ ሎጉን ሳነብ ነው። ካፍካ ቅንብሩን ካልነካካኸው በአንድ ፖል (መልእክት በጠየቅክ ቁጥር) እስከ 500 መልእክት ይሰጥሃል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ተመልሰህ ካልጠየቅክ ከግሩፑ (መልእክቱን ከሚከፋፈሉት ፕሮግራሞች) ያስወጣሃል። የኛ አንዱ መልእክት 0.8 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 500ው ሲሆን 400 ሰከንድ! ኦፍሴቱ (እስከ የት እንደተሠራ የሚያሳየው ቁጥር) ሳይመዘገብ ሥራው ለሌላው ይተላለፋል፤ እሱም እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ማክስ ፖል ሬከርድስን (በአንድ ፖል የሚመጣውን የመልእክት ጣሪያ) 100 አደረግኩት። ቆመ። ለማንኛውም ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ የትዕዛዝ ቁጥሩን ዩኒክ አድርጌዋለሁ፤ ቢደገምም ሁለተኛው አይገባም።