በሶሌታ ጣሪያ ላይ አትክልት ለማልማት የሚፈልግ ምን ማድረግ አለበት?

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው የኮንክሪት ጣሪያ ያጠራቀመውን ሙቀት እስከ ሌሊት ድረስ ወደ ክፍሎቹና ወደ ሰፈሩ አየር ይለቃል። በአፈርና በቅጠል ሲሸፈን ግን ፀሐዩ ኮንክሪቱን አያገኘውም፤ ተክሎቹም ውሃ ሲያተኑ የአካባቢውን ሙቀት ይወስዳሉ፤ አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጃልና። ከዚህም የተነሣ በየጥጉ የተደረደሩ ጥቂት የአበባ ማሰሮዎች ከጌጥነት አያልፉም፤ የሚያቀዘቅዘው የተሸፈነው ስፋትና የአፈሩ እርጥበት ነው።

ከሁሉ በፊት ክብደቱ ይታሰብ። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ የሕንፃውን ፕላን ይዞ መሐንዲስ ሳያማክሩ አንድ ጆንያ አፈር እንኳ ማውጣት አይገባም። የቆርቆሮ ጣሪያ ከናካቴው አይታሰብም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በረንዳውን ቢጠቀም ይሻለዋል።

ቀጥሎ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹን ለጊዜው ደፍኖ፣ መሐንዲሱ ከፈቀደ፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሶሌታው ላይ ለ24 ሰዓት ማቆርና ከታች ኮርኒሱን መመልከት ነው። በተለይ ሶሌታው ከግድግዳው የሚገናኝበት ጥግና ቧንቧ ያለፈበት ዙሪያ በጥንቃቄ ይታይ፤ አፈር ከተደለደለ በኋላ የሚያፈስሰውን ስፍራ መፈለግ አድካሚም ውድም ነው።

በሶሌታው ላይ ባለው ውሃ የማያስገባ ሽፋን ላይ ሥር የማይበሳው ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀይ አሽ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ በላዩም ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ይደረጋል። የላይኛው አፈር ከደቃቅ ቀይ አሽና ከኮምፖስት ጋር ቢደባለቅ ክብደቱ ይቀንሳል። በፍሳሽ ቀዳዳው ዙሪያ አፈር አይቅረብ፤ ጠጠር ብቻ ይሁን። በአዲስ አበባ ከዝናብ ጋር የሚወርደው በረዶ ቅጠል ጠርጎ ቀዳዳውን ሲደፍን ጣሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ኩሬ ይሆናል።

ለቆስጣና ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃል፤ አፈሩ ከዚህ ከሳሳ ድርቅ የሚችሉት እሬትና ጦስኝ ይመረጣሉ። በበጋ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ውሃ ማጠጣት፣ አፈሩንም በጭድ መሸፈን ያስፈልጋል። የክረምቱን ዝናብ ለማጠራቀም ሮቶው ከአሸንዳው ሥር፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። የማፍሰስ ፍተሻውም ሆነ ጥገናው በበጋ ያልቃል፤ ችግኙ ደግሞ በሰኔ ይተከላል።